ጥበቃው ያውቅ ነበር፦ ከአቅመ ደካማ አረጋውያን ተምሮ የጤና ጣቢያን ሥራ ማቀናጀት

እማማ እንበላቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። 78 ዓመታቸው ነው። ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እኛ ጋ የደም ግፊት ክትትል ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ሰሞን ግን በመጡ ቁጥር ግፊታቸው ከፍ እያለ አስቸገረን። አንዴ 170/90፣ ሌላ ጊዜ 168/92። «የሽንት ኪኒን» የምንለውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። አምሎዲፒን የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒትም በቀን 5 ሚሊ ግራም አላቸው።

«እማማ፣ መድኃኒትዎን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«አዎ ልጄ። አላስታጎልኩም።»

ታዲያ ምን ይደረጋል? አምሎዲፒኑ ወደ 10 ከፍ ተደረገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ አዙሮ ጣላቸው። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ፈጣሪ አወጣቸው። ፊታቸው ግን በልዞ፣ ቀኝ ዳሌያቸውን ይዘው፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ።

የዚያን ዕለት የበሩ ጥበቃ ወንበር ይዞላቸው ገባ። ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሲስተር፣ እማማ እኮ ቀጠሮ ቀን የሽንቱን ኪኒን አይውጡም። ‹ታክሲ ላይ ያዋርደኛል› ይሉኛል። እዚህ ከደረሱም በኋላ ሽንት ቤቱ ደረጃ ስላለው ይዘውት ነው የሚቆዩት።»

ግፊታቸውን ስንለካ የኖርነው ኪኒኑን በማይውጡበት ቀን ነበር ማለት ነው። ያውም ሽንት ወጥሯቸው። ሽንት የያዘ ሰው ግፊቱ ከፍ እንደሚል ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። መጠኑን የጨመርነው ለቀጠሮ ቀኗ እማማ ነው። የወደቁት የሌላው ቀን እማማ ናቸው።

ካርድ ክፍል ሥራውን ሠርቷል። ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም ታካሚ ሐኪም ጋ ከመግባቱ በፊት በሚለካበት ክፍል፣ ያለችው ልጅ በትክክል ለክታለች። ሐኪሙ ያየውን ቁጥር ይዞ ተገቢውን አዝዟል። ፋርማሲው የታዘዘውን ሰጥቷል። ሁላችንም በየክፍላችን ልክ ነበርን። የተበላሸው ኮሪደሩ ላይ ነው። ኮሪደሩን ደግሞ የሚያውቁት እማማና ጥበቃው ብቻ ነበሩ።

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ የቤተሰብ ጤና ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ከእማማ በኋላ እንደሳቸው ጉልበት የከዳቸውን ሰዎች ገጠመኝ እየሰበሰብን ሥራችንን ማስተካከል ጀምረናል። እንዴት እንደምንሠራው ልንገራችሁ። የምጽፈው እንደኛ ጤና ጣቢያ ላይ ላሉ ባልደረቦቼ ነው፤ ሆስፒታል ያላችሁ እንደሚመቻችሁ ቀይሩት።

ሐሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ አገር ፖል ቤት እና ግሌን ሮበርት የተባሉ ተመራማሪዎች ያዳበሩት አካሄድ አለ። ታካሚዎች ያሳለፉትን ሲናገሩ በቪዲዮ ይቀረጻሉ። ሠራተኞችም የራሳቸውን ይናገራሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ቪዲዮውን አይተው፣ የሚስተካከለውን አብረው ይመርጣሉ። እኛ ካሜራም በጀትም የለንም። ስልክ፣ ፍሊፕ ቻርትና የታካሚዎቻችን ረከቦት አለ። በቂ ነው።

ማንን እንምረጥ

አገራችን ውስጥ አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመት የሞላው ሰው ነው። እናንተ ግን በዕድሜ አትምረጡ። እንጦጦ በእግሩ ወጥቶ የሚመለስ የ75 ዓመት አባት አለ። 66 ዓመቱ ሆኖ ከአልጋ እስከ በር የሚደክመውም አለ። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ሊንዳ ፍሪድ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ምልክቶች አስቀምጣለች፦ ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ በዓመት ከ4.5 ኪሎ በላይ፤ ድካም፤ የእጅ ጉልበት ማነስ፤ አካሄድ መዘግየት፤ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ ካለባቸው አቅማቸው ደክሟል፤ አንድ ወይም ሁለት ካለ ወደዚያው እያመሩ ነው። መለኪያው እጅ የሚጨበጥበት መሣሪያ ይፈልጋል፤ እኛ ጋ የለም። አረጋውያን ግን በራሳቸው ቋንቋ ይነግሯችኋል። «ቀሚሴ ሰፋኝ።» «ጀበናውን በአንድ እጄ ማንሳት ትቻለሁ።» «ዜብራውን ሳልጨርስ መብራቱ ይቀየርብኛል።» «ሰውነቴ ዛለ።» «ቤተ ክርስቲያን መሳም ከተውኩ ከረምኩ።» እነዚህን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ ለጥፈናቸዋል። ከመለኪያው ይልቅ ይጠቅሙናል።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው። ይነሱ፣ 3 ሜትር ይሂዱ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ ሥጋት አለ። ሰዓት ሲይዙባቸው እንደ ሩጫ ቆጥረውት የሚፈጥኑ አሉና «እንደ ወትሮዎ ይሂዱ» በሏቸው።

ስድስት ሰው ይበቃል። እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ስህተት ሁልጊዜ የሚመጡትንና የሚያመሰግኑንን መምረጥ ነበር። እነሱ ጋ ብዙ ነገር አታገኙም። ከስድስቱ ሁለቱ ከክትትል የጠፉ ይሁኑ። የክሮኒክ መዝገቡን (እንደ ግፊትና ስኳር ያሉ የረጅም ጊዜ ሕመሞች የክትትል መዝገብ) ግለጡና ሦስት ቀጠሮ ያለፋቸውን ፈልጉ። አንዱ ከቤት የማይወጣ ይሁን፤ እሱን ጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቀዋለች፤ እሷ ካጣችው የእድሩ ጸሐፊ አያጣውም። አንዱ ጆሮው ወይም ዓይኑ የደከመ ይሁን። የቀሩት ሁለቱ እንደፈለጋችሁ።

ፈቃድ ጠይቁ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለታካሚው ደግሞ በግልጽ፦ ስም አይጠራም፣ እምቢ ማለት ይቻላል፣ እምቢ ቢሉ ሕክምናው እንዳለ ይቀጥላል። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ በሏት። ብዙዎቹ «እምቢ ብል ልጆቹ ይቀየሙኛል» ብለው ነው የሚስማሙት።

ቤታቸው ሂዱ፣ ቶና ድረስ ቆዩ

ጤና ጣቢያ ውስጥ «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። «ተመስገን ነው። እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። ያሳድጋችሁ።» አልቋል። ውሸታቸውን አይደለም። ግን ምርቃት መረጃ አይደለም። ቅሬታ ማውራት ነውር የሚሆንባቸው ትውልድ ናቸው፤ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያልፉታል።

ስለዚህ ቤታቸው ሂዱ። ጋዋን አትልበሱ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ሂዱ፤ እሷን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩአት። ቅጽ አታውጡ። ቡና እንደሚፈላ እወቁትና ሰዓታችሁን ሰፋ አድርጉ፤ «ቸኩያለሁ» ካላችሁ ገና በሩ ላይ ተበላሸ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋም።

በእኔ ልምድ አቦል ላይ ምስጋና ነው የሚወጣው። ቶና ላይ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ በዚያው ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ሽንት ቤቱ ይመጣል። በረካ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸውን ይነግሯችኋል። እኔ በረካውን ሳልጠብቅ የተነሳሁባቸው ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ ሁለቱንም ተመልሼ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ስለ አስተያየት አትጠይቁ። ስለ አንድ ቀን ጠይቁ። «ባለፈው እኛ ጋ የመጡ ቀን ስንት ሰዓት ተነሱ? ምን ቀመሱ? ማን አመጣዎት? በሩ ላይ መጀመሪያ ያገኙት ሰው ማን ነው? የት ቆሙ? የት ተቀመጡ? ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ምን አደረጉ?» ሰው አስተያየቱን ይደብቃል፤ ቀኑን ግን እንደ ተረት ይተርክላችኋል።

ሰምና ወርቁንም ስሙ። አንዲት እናት «መድኃኒቱ ይከብደኛል» አሉኝ። እኔ ስለ ጨጓራ ማብራራት ጀመርኩ። ጤና ኤክስቴንሽኗ በእግሯ ነካ አደረገችኝ። በኋላ ስትነግረኝ ቤት ውስጥ ከኪኒኑ ጋር የሚበላ ነገር አልነበረም። አንድ አባት «ልጆቹ ሥራ ይበዛባቸዋል» ካሉ «አልሰሙኝም» ማለታቸው ነው። «ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይጨርሳል» የሚለውንማ እናንተው ፍቱት።

የሚያስታምመውን ሰው ለብቻ አነጋግሩ። የእማማ የልጅ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ኪኒኖቹን በቀለም ነው የምታውቃቸው። ፋርማሲው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሲሰጣት ቀለሙ ይቀየራል፤ እሷም አዲስ መድኃኒት የተጨመረ ይመስላታል። አንድ ወር አሮጌውንም አዲሱንም አብራ ሰጥታቸዋለች። ሁለቱም አምሎዲፒን ነበሩ። በቀጠሮ ቀን ከትምህርት እንደምትቀርም የሰማነው ያን ቀን ነው። አንድም ካርድ ላይ አልተጻፈም።

ድምፅ መቅዳት ከፈቀዱ ሦስት ደቂቃ የሚሆነውን ምርጡን ክፍል ብቻ አስቀሩና ሌላውን አጥፉ። ካልፈቀዱ ወጥታችሁ ወዲያው በራሳቸው አነጋገር ጻፉ። «ታካሚዋ የትራንስፖርት ችግር አለባቸው» ብላችሁ አትጻፉ። «ታክሲ ላይ ያዋርደኛል» ብላችሁ ጻፉ። ልዩነቱ ስብሰባው ላይ ይታያችኋል።

አብራችሁ ተሰለፉ

ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱን ከበር እስከ በር ተከተሏቸው። አትርዷቸው፣ ተራ አታስቀድሙላቸው። ከባድ ነው፤ እጅ እጅ ይላል። ግን እናንተ ካስቀደማችኋቸው የምታዩት የእናንተን ጤና ጣቢያ እንጂ የሳቸውን አይደለም። ከወደቁ ወይም ከደከማቸው ግን ሙከራው ይቅር።

አንድ አባት ጋር አብሬ የዋልኩት 1፡40 በር ላይ ጀምሮ 6፡15 ላይ አለቀ። ካርድ ክፍል፣ የጤና መድን ማረጋገጫ፣ ትሪያጅ፣ ሐኪም፣ ላቦራቶሪ፣ እንደገና ሐኪም፣ ፋርማሲ። ሐኪሙ ፊት የተቀመጡት ሁለቱ ተደምሮ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» የሚለውን አራት ሰው ጠየቃቸው። አራተኛው ላይ «ምንም» አሉ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የጻፈው ያንን ነው።

እኔ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ግቢ ነው። ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪም ሲመለሱ የሚይዙት መደገፊያ እንደሌለ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ ያያችሁትን ትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉት። አንድ ረጅም መስመር፤ ላዩ ላይ ክፍሎቹ በተራ። ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር የሰውዬው ቃል። ደስ ያላቸው ቦታ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ይውጣ፣ የከፋቸው ቦታ ላይ ይውረድ። ሥዕል አልችልም አትበሉ፤ የኔ የመጀመሪያው የእንጦጦ ተራራ ነበር የሚመስለው።

ስብሰባው ግምገማ እንዳይመስል

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ጥሩ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ «ስብሰባ አለ» ሲባል ሰው ልቡ ይመታል። ግምገማ ነው የሚመስለው። ማን ዘገየ፣ ማን ሪፖርት አላስገባም። ታካሚ የተናገረውን ይዛችሁ እዚያ ብትገቡ ሁሉም ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል። እኛ የመጀመሪያውን እንደዚያ ነው ያበላሸነው። «ፋርማሲ ላይ የተነሳ ቅሬታ» የሚል ርዕስ ጻፍኩ። የፋርማሲው ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። እውነቱን ነው።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ሐሙስ ከሰዓት፣ ታካሚ ሲቀንስ፣ አንድ ሰዓት። ከዚያ አይበልጥም። ጥበቃው፣ ፅዳቷ፣ ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ያዥ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጤና ኤክስቴንሽን። ጥበቃውና ፅዳቷ ካልተጠሩ ባታደርጉት ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ጥበቃችን ዳር ቆሞ ነበር፤ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይል ነበር። ዛሬ ማንም ሳይቀድመው የሚናገረው እሱ ነው።

ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ድምፁ ይከፈታል ወይም አንድ ሰው ያነበዋል፤ ያቺን ታካሚ ያከመው ሰው ግን አያንብብ። ሲያልቅ ለአንድ ደቂቃ ማንም አያብራራ። ይህቺ ደቂቃ ረጅም ናት፤ ቻሏት። ከዚያ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከማን ወደ ማን ሲሄዱ ነው ነገሩ የተቋረጠው?» ማን አጠፋ የሚል ሰው ካለ ሰብሳቢው ያስቆመዋል። የሰው ስም ከተጠራ ሃምሳ ብር ቅጣት አለ፤ ለቡና። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ ከፍለዋል።

ሠራተኛውም ይናገር። የፋርማሲው ልጅ በሁለተኛው ስብሰባ አፉን ሲፈታ ያለው አይረሳኝም። «ማብራራት እፈልጋለሁ። ግን መስኮቷ ትንሽ ናት፣ ከኋላቸው ሠላሳ ሰው ቆሟል፣ እሳቸው ጆሯቸው አይሰማም። እየጮህኩ ስለ ሽንት ኪኒን ላውራ?» እውነት ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው ተብሎ ነው የታቀደው። ይህን ሳይሰሙ ፋርማሲውን መውቀስ ቀላል ነው።

በሦስተኛው ስብሰባ ሁለት አረጋውያንን ጠራን። አንድ ብቻ አትጥሩ፤ ይፈራል። የታክሲያቸውን ስጡ። መድረክ ላይ አታስቀምጧቸው፣ በመካከላችሁ ይቀመጡ። ሐኪሙ «አባባ፣ ልክ ነኝ?» ብሎ እንዲጠይቃቸው አድርጉ እንጂ ንግግር አታሰሯቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

ከስብሰባው ሃያ ሐሳብ ይወጣል። አንድ ምረጡ። መምረጫችን ሁለት ነው፤ ክፍለ ከተማውን ሳንጠይቅ እኛው ልናደርገው እንችላለን? በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ አረጋዊ ያውቀዋል? መድኃኒት መጥፋቱን በዚህ መንገድ አትፈቱትም፤ ሞክረን ነበር፣ ጊዜ በላን።

የመጀመሪያችን የቀጠሮ ቀን ነገር ነበር። ምድር ቤት ያለው የሠራተኛ ሽንት ቤት ቁልፍ ትሪያጅ ላይ ተሰቀለ። ካርድ ክፍል ቀጠሮ ሲጽፍ «የዚያን ቀንም ኪኒንዎን ይውጡ፣ ሽንት ቤት እዚሁ አለ» ይላል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ስትሄድ ይህንኑ ትደግማለች። ትሪያጅ ከመለካቷ በፊት ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች፦ ዛሬ ኪኒን ተውጧል? ሽንት ይዘዋል? ከዚያ አምስት ደቂቃ እረፍት። ለደከሙት ደግሞ ተቀምጠው ወይም ተጋድመው ከተለካ በኋላ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለካል። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሙ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ያውቀዋል። ይህ ሁሉ አንድ ለውጥ ነው፤ አራት ክፍል ግን ይነካል። እማማ በዚህ አሠራር ሲለኩ 138/80 ሆኑ፤ አምሎዲፒኑም ወደ 5 ተመለሰ።

ሁለተኛው ፌስታሉ ነው። በየሦስት ወሩ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ከግል መድኃኒት ቤት የተገዛው፣ ጎረቤት የሰጠው፣ ለጉልበት የሚወሰደው ዳይክሎፌናክ፣ ሁሉም። ዳይክሎፌናክ ግፊት እንደሚጨምርና ኩላሊት እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ፌስታሉ እስኪፈታ ግን ማን እንደሚወስደው አናውቅም ነበር። የተገኘው አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ካርዱ ላይ ይያያዛል። በፋብሪካ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ ስም። ከፋርማሲው መስኮት ይልቅ ነርሷ ጋ ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ የፋርማሲው ልጅ በሳምንት አንድ ከሰዓት እዚያ ይመጣል። የሱው ሐሳብ ነው።

የመድኃኒት ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ እንስላለን፤ ማንበብ ለማይችሉት። መጀመሪያ ላይ በቂ መሰለን። አንድ የስኳር ታካሚ አባት ግን ሁዳዴ ላይ ራሳቸውን ስተው መጡ። የደም ስኳርን የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ ነው የሚወስዱት። ፀሐይ ስትወጣ ዋጡት። እህል የቀመሱት ግን የለም፤ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ፖስታው ልክ ነበር። መጾማቸውን ጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቃለች። ሐኪሙ አያውቅም። አሁን ሁዳዴና ረመዳን ከመግባታቸው ሁለት ሳምንት በፊት የስኳር ታካሚዎቻችንን ዝርዝር አብረን እናያለን፤ የሚጾም ማን ነው፣ መድኃኒቱስ ምን ይደረግ? ለኚህ አባት የንስሐ አባታቸውን ያነጋገረችው ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ከሐኪሙ ትእዛዝ ይልቅ የሠራው የንስሐ አባት ፈቃድ ነው። ቡድን ስል ጋዋን የለበሰውን ብቻ አይደለም።

ሌላ ትንሽ ነገር። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «አዎ ልጄ» ነው፤ ሁልጊዜ። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሯታል?» በሉ። የሚሉትን ስሙ። ከተሳሳቱ የተሳሳትነው እኛ ነን፤ እንደገና እናስረዳለን።

የቡድኑ ቴሌግራም ላይ የታካሚ ስም፣ ፎቶና ካርድ አይለጠፍም። ቤት ስትሄዱ ረሃብ ወይም በደል ካያችሁ ደግሞ ያ ለስብሰባ የሚሆን ታሪክ አይደለም፤ በዚያው ቀን ለኃላፊውና ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይነገራል።

ተመልሳችሁ ንገሯቸው

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ታሪካቸውን ወስደን እንጠፋለን። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ያነጋገራችኋቸውን ስድስቱንም ወይ ደውሉላቸው፣ ወይ ሂዱ። «እንዲህ ብለውን ነበር፤ እንዲህ አደረግን፤ ይሄኛውን ግን አልቻልንም» በሏቸው። ያልቻላችሁትንም ንገሯቸው፤ አይቀየሟችሁም።

መለኪያውን አታክብዱት። እኛ ከክትትል ሲወጡ በር ላይ ሦስት ጥያቄ ነው የምንጠይቃቸው። ዛሬ ስንት ሰው ምንዎን ነው የሚያምዎት አለዎት? ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ወድቀዋል? ፌስታልዎና ወረቀቱ አንድ ናቸው? ጠያቂው ጥበቃው ነው። ደብተር ገዝተንለታል፤ ጽሑፉ ከኛ ሁሉ ይነበባል።

እማማ ጋ የሄድኩት ሰኞ ነበር። ስለ ሽንት ቤቱ ቁልፍ ነገርኳቸው። ስለ አዲሱ ወንበርም፤ ለሳቸው ብለን ትሪያጅ በር ላይ ለስላሳ ወንበር አስቀምጠን ነበርና ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኛል። አመሰገኑ፣ መረቁ። አቦል ጠጣን። ቶና ቀረበ።

«ወንበሩስ እንዴት ነው እማማ?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ወንበሩማ ጥሩ ነው ልጄ። ለስላሳ ነው።» ትንሽ ዝም አሉ። «ዝቅ ይላል እንጂ። ተቀምጬ መነሳት አቅቶኝ ያ የበሩ ልጅ ነው የሳበኝ።»

አናጺው ማክሰኞ ይመጣል። ከሥሩ አራት ጣት እንጨት ይጨምርለታል፣ መደገፊያም ይሠራለታል። ጥበቃው ለክቶ ሰጥቶታል።